የደበዘዘ መስመር በማሽን ሲታደስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

የፓርኪንግ፣ የመጋዘንና የመንገድ መስመሮችን በማሽን ስለ ማደስ ከጻፋችሁልን መካከል ብዙ አንባቢ የሚጋራቸውን ጥያቄዎች መርጠናል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ ከመልሶቹ ግን ሥራ ላይ የሚያስፈልገውን ቁጥር አልቀነስንም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ገበያ ማዕከል ግቢ አስተዳዳሪ ነኝ። ከ120 በላይ መኪና የሚይዘው ፓርኪንጋችን መስመሩ ደብዝዟል። አንድ ተቋራጭ በሳተላይት የሚመራ ሮቦት እንዳለው፣ ስህተቱም ከ2 ሴንቲ ሜትር እንደማይበልጥ ነገረኝ። አዲሱ ቀለም አሮጌው መስመር ላይ ልክ ይወድቃል ብዬ ልፈርም?

መልስ፦ ከመፈረምዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ። ሮቦቱ የታዘዘውን መስመር በ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ውስጥ መሥራቱ እውነት ሊሆን ይችላል። አሮጌው መስመር ላይ መውደቁ ግን የሚወሰነው አሮጌውን መስመር በለካው ሰርቬየር ነው። አብዛኞቹ ሮቦቶች መሬት ላይ ያለውን ቀለም አያዩም፤ የሚከተሉት የተጫነላቸውን ፋይል ነው። ፋይሉ በ4 ሴንቲ ሜትር ከተዛባ፣ ሮቦቱ የተዛባውን መስመር ቀጥ አድርጎ ይቀባዋል።

ማሽኑ ቦታውን የሚያውቀው አርቲኬ በሚባለው ዘዴ ነው። አንድ ተቀባይ በታወቀ ነጥብ ላይ ተተክሎ የሳተላይቱን ስህተት እያሰላ በሬዲዮ ወይም በኢንተርኔት ለሮቦቱ ይልክለታል። ሮቦቱ «ፊክስ» ላይ እያለ፣ ማለትም ቦታውን በእርግጠኝነት አስልቶ ሲይዝ፣ ስህተቱ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ «ፍሎት»፣ ማለትም ወደ ግምታዊ ስሌት፣ ሲወርድ ግን በአሥር ሴንቲ ሜትሮች ሊስት ይችላል። ስለዚህ ተቋራጩን መጀመሪያ የሚጠይቁት «ፊክስ ሲጠፋ ማሽኑ ራሱ ቀለሙን ይዘጋል ወይ?» ብለው ነው። ኦፕሬተሩ ስክሪን እያየ በእጁ የሚዘጋው ከሆነ፣ ሰውየው ዞር ባለ ቁጥር ጠማማ መስመር ይጠብቁ።

ቀጥሎ የልኬቱን ሥራ በውሉ ላይ በዝርዝር ያስገቡ። አሮጌው መስመር ገና በሚታይበት ጊዜ የእያንዳንዱ መስመር ሁለት ጫፍ፣ በስፋቱ መሐል ላይ፣ ይለካ። ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ሆዱን ስለሚገፋ መካከሉም ይያዝ፤ ኩርባው በየ1 ሜትሩ ይያዝ። አስፋልቱ ሊለበስ ወይም ጥቁር ማሸጊያ ሊቀባ ከሆነ ልኬቱ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው በኋላ የሚለካው መስመር አያገኝም።

በግቢው አራት ማዕዘን፣ መኪና በማይረግጠው ቦታ፣ አራት የብረት ሚስማር አስፋልቱ ውስጥ ይመታ። ሰርቬየሩ በእነዚህ አራቱ የልኬቱን ካርታ ከመሬቱ ጋር ያስራል። አምስተኛ ሚስማር ደግሞ ይመታና ስሌቱ ውስጥ ሳይገባ ለመፈተሻ ብቻ ይቀመጥ። ቀለም በሚቀባበት ጠዋት የሮቦቱ ኖዝል (ቀለም የሚረጭበት ጫፍ) አምስተኛው ሚስማር ላይ ይቁምና ንባቡ ይታይ። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወጣ ቀለም አይከፈት።

አዲስ አበባ ላይ በተለይ የሚያሳስተው የካርታ ሜትርና የመሬት ሜትር ልዩነት ነው። አሮጌው የአገራችን የካርታ መለኪያ፣ የአዲንዳን ሥርዓት፣ ከሳተላይቱ ሥርዓት ጋር ሲቀላቀል ስህተቱ 200 ሜትር ያህል ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ እሱ አያሰጋም። አደገኛው ትንሹ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ማለቷና ዩቲኤም የሚባለው የካርታ አሠራር ራሱ ርቀትን ማሳጠሩ ሲደመሩ፣ በሜትር የተለካ 100 ሜትር በካርታው ላይ ወደ 7 ተኩል ሴንቲ ሜትር አጥሮ ይገኛል። አርክቴክቱ በሜትር የሣለውን ፕላን እንዳለ ለሮቦቱ ከጫኑት በግቢው አንድ ጫፍ ልክ ገጥሞ በሌላው ጫፍ የመስመሩን ስፋት ሊያህል ምንም ያልቀረው ስህተት ይመጣል። መፍትሔው ልኬቱንም ቅቡንም በአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቅንብር መሥራት ነው። ፕላን ከውጭ ከመጣ ደግሞ በሚስማሮቹ ላይ ከነመጠን ማስተካከያው ይታሰር።

ሥራውን ማታ አያድርጉት። ግቢው ባዶ የሚሆነው ማታ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ የምድር ማግኔታዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው አየር ውስጥ የሚፈጠር ሁከት የሳተላይቱን ሞገድ ያዛባዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ይበልጡን በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ፀሐይ በምትነቃቃባቸው ዓመታት ደግሞ በእጅጉ፣ ፊክስ እየጠፋ እየተመለሰ ያስቸግራል። እሑድ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ፣ ሳተላይቱም አስፋልቱም ይመቻል። ለረጅም መስታወታማ ሕንፃ የተጠጉትን ረድፎች ግን ለሮቦት አይስጡ፤ ሞገዱ ከመስታወቱ እየነጠረ ይመጣል። እነዚህን በሲባጎና በእጅ ማሽን ያስጨርሱ።

2 ሴንቲ ሜትር ምን እንደሚያደርግም ይወቁት። 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ አሮጌ መስመር ላይ አዲሱ 2 ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ከወደቀ፣ በአንድ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር የደበዘዘ ቀለም ይቀራል። ለፓርኪንግ ይህ የሚያስከፋ አይደለም፤ ካልወደዱት አዲሱን በ14 ሴንቲ ሜትር ያስቀቡ። በመጨረሻም ጣሳው ከመከፈቱ በፊት አምስት መስመር በውሃ ያስረጩ። በደረቅ አስፋልት ላይ የውሃው መስመር ለመለካት የሚበቃ ጊዜ ይቆያል፤ ከተሳሳተም ይደርቃል እንጂ ዕዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የመስመር ቀለም ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ሮቦታችን ሲሄድና ሲመለስ የሚቀባው መስመር አይገጥምም፤ መነሻው ላይም ቀለሙ ዘግይቶ ይጀምራል። በመኪና የተጫነው ማሽን ደግሞ 3 ሜትር ቀለም፣ 9 ሜትር ባዶ እያለ ሲሄድ ቀስ በቀስ ከአሮጌው መስመር እየራቀ ይሄዳል። ቀለሙ ነው ማሽኑ?

መልስ፦ ቀለሙ አይደለም፤ ሦስት የተለያዩ የማስተካከያ ጉድለቶች ናቸው። አንድ በአንድ ይያዟቸው።

የመጀመሪያው በአንቴናውና በኖዝሉ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሮቦቱ የሚያውቀው አንቴናውን ነው፤ ኖዝሉ የት እንዳለ የሚያውቀው እርስዎ ባስገቡለት ቁጥር ነው። በሜዳማ ቦታ 20 ሜትር ቀጥ ያለ መስመር ያስቀቡት፤ ከዚያ ዞሮ በዚያው መስመር ይመለስ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩና ግማሹን ይውሰዱ። 3 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ ቁጥሩ የሚስተካከለው በ1.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ሙሉውን 3 ካስተካከሉ ስህተቱ ወደ ሌላው ወገን ይዞራል።

ይህ ፈተና የማይዘው አንድ ነገር አለ፤ እሱም የመሬት ዘመም ማለት ነው። አንቴናው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ በ2 በመቶ ተዳፋት ላይ ኖዝሉ በ2 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ሮቦቱ ቢሄድም ቢመለስም አንቴናው የሚያዘነብለው ወደ ቁልቁለቱ ስለሆነ ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ይሳሳታሉ፤ ሲያዩዋቸው የገጠሙ ይመስላሉ። ዘመሙን የሚለካው ሴንሰር መሥራቱን የሚያረጋግጡት በተዳፋት ላይ በተመታ ሚስማር ብቻ ነው።

ሁለተኛው የቫልቭ መዘግየት ነው። ትዕዛዝ ከተሰጠው በኋላ ቫልቩ እስኪከፈት 0.1 ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ማሽን 5 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር የሚሄድ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ዘግይቶ ይጀምራል። አንዱን መስመር በሁለት ፍጥነት ይሞክሩት። የዘገየው ርቀት ከፍጥነቱ ጋር ካደገ ችግሩ ቫልቩ ነው፤ የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜውን ለየብቻ ያስገቡ። ፍጥነቱ ቢለዋወጥም ርቀቱ ያው ከሆነ ደግሞ የኖዝሉ የፊትና የኋላ ልኬት ነው የተሳሳተው። ሁለቱን ያምታታ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን እያበላሸ ቀኑን ይጨርሳል።

የመኪናው ማሽን ጉዳይ የጎማ ነው። ርቀቱን የሚቆጥረው በጎማው ዙር ስለሆነ በ12 ሜትር ዑደት ውስጥ ግማሽ በመቶ ብቻ ቢሳሳት 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከ50 ዑደት፣ ማለትም ከ600 ሜትር በኋላ 3 ሜትር ይሞላል፤ አንድ ሙሉ መስመር ባዶው ቦታ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። 100 ሜትር በሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ፤ የጎማውን አየር በልኩ ሞልተው፣ የቀለም ታንኩም እንደ ሥራው ሰዓት ሞልቶ ሳለ ይንዱና ቆጣሪውን ያስተካክሉ። ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ጎማው ስለሚነሳ ደግመው ያረጋግጡ። እንዲያም ሆኖ አሮጌው መስመር ራሱ እኩል ስላልተቀባ ቆጣሪ ብቻውን አይበቃም። ኦፕሬተሩ በካሜራው ላይ የአሮጌውን መነሻ እያየ የማስቀደሚያና የማዘግያ ቁልፉን መንካት አለበት። ይህን ሥራ ለሾፌሩ አይደርቡበት፤ መሪ የያዘ ሰው ሁለቱንም አይችልም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። የፎርክሊፍት መተላለፊያ መስመሮቻችን በተቀቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ይላጣሉ። ሮቦት ቢቀባው ይቆያል ብለውኛል።

መልስ፦ የሮቦቱ ጥቅም መስመሩን በቦታው ማሳረፍ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ወለሉ ነው። ቀለሙ ሲላጥ አንድ ቁራጭ አንሥተው ጀርባውን ይዩ። ጀርባው ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀለሙ ኮንክሪቱን ጨርሶ አልያዘውም፤ ወለሉ በማሽን እንደ መስታወት ተወልውሎ ሳይፋቅ ነው የተቀባው። ግራጫ ዱቄት ተጣብቆበት ከመጣ የኮንክሪቱ ላይኛው ቆዳ ደካማ ነው። ጀርባው ቅባታም ከሆነ ወለሉ ላይ ዘይት ነበረ ማለት ነው።

ሁለት ቀላል ፈተና ያድርጉ። አንደኛው ጠብታ ውሃ ነው፦ ወለሉ ላይ ሲጥሉት ቶሎ ካልሰረገና ክብ ሆኖ ከቆመ ማሸጊያ ወይም ቅባት አለ። ሁለተኛው የእርጥበት ነው፦ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ቢያንስ 16 ሰዓት ያቆዩት። ሲያነሡት ሥሩ ከጠቆረ ወይም ካላበው ውሃ ከታች እየመጣ ነው፤ እርጥበትን የሚችል ፕራይመር ሳይገባ ኢፖክሲ አይቀቡ። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ 28 ቀን ይጠብቃል።

ከዚያ የመስመሩን መንገድ በቅባት ማስወገጃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በአልማዝ ድንጋይ ማሽን ይፋቁት፤ መዳፍዎን ሲያሳልፉበት እንደ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ሊሰማዎ ይገባል። ማሽኑ አቧራ መሳቢያ ይኑረው፣ ሠራተኛውም ደህና ማስክ ያድርግ፤ የኮንክሪት አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ አለው። ሁለት ክፍል ያለውን ኢፖክሲ አምራቹ በጻፈው መጠን ያዋህዱ፤ በዓይን ግምት የተዋሐደ ኢፖክሲ ወይ ሳይደርቅ ይቀራል ወይ ይሰነጠቃል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመሥሪያ ጊዜው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ በሐዋሳ ቀትር ትንሽ ትንሽ ያዋህዱ። የመከለያ ፕላስተሩን ቀለሙ ሳይጠነክር ያንሡት። በተለመደው ኢፖክሲ ሰው ከ24 ሰዓት፣ ፎርክሊፍት ከ72 ሰዓት በኋላ ይለፍበት፤ የእርስዎ ምርት ወረቀት ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። ቀለሙ ገና ሳይጠነክር ፎርክሊፍት ቆሞ ጎማውን ያዞረበት ቦታ በቅድሚያ ይላጣል።

ስለ ሮቦቱ ከጠየቁ፣ ጣሪያ ሥር የሳተላይት ሞገድ አይገባም። የቤት ውስጥ ሮቦቶች የሚመሩት በቶታል ስቴሽን፣ ማለትም ማዕዘንና ርቀት በሚለካ የሰርቬየር መሣሪያ ነው፤ በሮቦቱ ላይ ያለውን ፕሪዝም (ብርሃን መላሽ መስታወት) እየተከተለ በጥቂት ሚሊ ሜትር ልክ ይመራዋል። ግን መደርደሪያ ወይም ፎርክሊፍት በመካከል ከገባ ያጣዋል። መጋዘኑ ባዶ ሳለ ካልተሠራ ቶታል ስቴሽኑ በየመተላለፊያው እንደ አዲስ መተከል አለበት፤ ለዚህም በዓምዶች ላይ ቢያንስ ሦስት ከየጣቢያው የሚታዩ የልኬት ተለጣፊዎች ያስፈልጋሉ። እንደ ደስቲ ሮቦቲክስ ፊልድ ፕሪንተርና እንደ ኤችፒ ሳይት ፕሪንት ያሉት የታወቁ ማሽኖች የሚያትሙት ቀጭን የመነሻ መስመር በቀለም ጠብታ ነው እንጂ ፎርክሊፍት የሚችል ወፍራም ቅብ አይደለም። ስለዚህ ሮቦቱ ያትማል፣ ሰው ደግሞ በዚያ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ይፍቃል፣ ይቀባል። ለአንድ መካከለኛ መጋዘን የሌዘር መስመር ማሳያና የኖራ ክር ይበቃል፤ ገንዘቡን መፋቂያው ላይ ያውሉት።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ከወንድሜ ጋር የፓርኪንግ መስመር የማደስ ሥራ ልንጀምር ነው። ሮቦት እንግዛ ወይስ የሚገፋውን ማሽን? ለ100 መስመር ስንት ቀለም ይበቃል?

መልስ፦ በሚገፋው ይጀምሩ። አሮጌው መስመር እየታየ ከሆነ የሠለጠነ ሰው በላዩ ይሄዳል፤ ለሮቦቱ ነጥብ በማሰር የሚያልፈው ጊዜ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ሮቦት የሚያዋጣው መስመሩ ሙሉ በሙሉ በጠፋበት፣ አስፋልቱ እንደ አዲስ በተለበሰበት ትልቅ ግቢ ነው።

ስሌቱ ይኸው። አንድ መስመር 18 ጫማ፣ ማለትም 5.5 ሜትር ከሆነ፣ 100 መስመር 550 ሜትር ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት 55 ካሬ ሜትር ይሆናል። እርጥብ ውፍረቱ 0.38 ሚሊ ሜትር እንዲሆን 21 ሊትር ይፈልጋል። በቱቦ ውስጥ የሚቀረውን ጨምረው 23 ይያዙ፤ ባለ 5 ጋሎኑ ባልዲ 18.9 ሊትር ስለሆነ ሁለት ባልዲ ነው። ውፍረቱን በእርጥብ ፊልም መለኪያ ማበጠሪያ ይፈትሹ፤ ፍጥነትዎ በጨመረ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል።

ኖዝሉ ላይ ያለው የመጨረሻው ሁለት አኃዝ የቀዳዳው ስፋት በሺህኛ ኢንች ነው፤ 19 ማለት 0.48 ሚሊ ሜትር ነው። የመስመር ቀለም እንደ አሸዋ ስለሚበላው ቀዳዳው ይሰፋል፣ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚረጨው ቀለም ግን ይጠብባል፤ ቀለም እየጨመረ መስመሩ ከጠበበ ኖዝሉን ይቀይሩ። ጠርዙ ላይ እንደ ጅራት የጠነከረ መስመር ከታየ ግፊቱ አንሷል ወይም ማጣሪያው ተደፍኗል፤ ግፊቱን ቀስ እያሉ ጅራቱ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ የጨመሩት ግፊት ወደ ጭጋግ ተለውጦ መኪና ላይ ያርፋል።

አንድ ነገር አደራ። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ፓርኪንግ መስመሩ ሲታደስ ለአካል ጉዳተኞች የሚገባው ቦታ በሕጉ መሠረት መኖር አለበት፤ አሮጌው መስመር ስለነበረ ብቻ በዚያው መቀባት አያድንም። ከ1 እስከ 25 ቦታ ላለው 1፣ ከ26 እስከ 50 ላለው 2፣ ከ51 እስከ 75 ላለው 3 ያስፈልጋል። የመኪናው ቦታ ቢያንስ 96 ኢንች፣ አጠገቡ ያለው መውረጃ 60 ኢንች ነው። ለቫን ደግሞ 132 ኢንች ከ60 ኢንች መውረጃ ጋር ወይም 96 በ96 ይሆናል፤ ከየስድስቱ ቢያንስ አንዱ የቫን ይሁን። መሬቱ በ48 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ እንዳይዘም ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ሥራው ያለበት ከተማ ወይም ካውንቲ ከዚህ የጠበቀ ደንብ እንዳለው ዋጋ ከማቅረብዎ በፊት ይጠይቁ። የተሳሳተውን አሮጌ መስመር ደግሞ በጥቁር ቀለም አይሸፍኑት፤ ጥቁሩ ሲያልቅ ሁለት መስመር ይታያል፣ በዝናብና በማታ መብራት ደግሞ ጥቁሩ ራሱ እንደ መስመር ያብለጨልጫል። ይፋቅ ወይም በግፊት ውሃ ይነሣ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ዜብራው ቀን ላይ ጥሩ ነው፣ ማታ ግን በመኪና መብራት አይታይም። የመስታወት ዶቃ ተበትኖበታል ተብሏል።

መልስ፦ መበተኑ ብቻ አይበቃም፤ ዶቃው ከ50 እስከ 60 በመቶ ቁመቱ ቀለሙ ውስጥ መስጠም አለበት። ዘግይቶ ከተበተነ ቀለሙ ላዩ ስለሚደርቅ አይይዘውም፤ በማግሥቱ በጣትዎ ቢያሹት ይረግፋል። ቀለሙ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ይሰጥምና መብራቱን የሚመልስ ፊት አይቀርለትም። በእጅ ከተበተነ ሁለቱም በአንድ ዜብራ ላይ ይገኛሉ። ከማሽኑ የቀለም ኖዝል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ኋላ የሚረጭ የዶቃ ሳጥን ያስገጥሙ። መጠኑ ለአንድ ሊትር ቀለም 0.7 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ዶቃው በክረምት እርጥበት ከጠጣ ተጣብቆ በጓል በጓል ይወጣል፤ ከረጢቱ ከወለል ከፍ ብሎ ደረቅ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

ማታ ባትሪ መብራት ከዓይንዎ ጎን፣ ጆሮዎ ጋ ይዘው ከ10 ሜትር ያህል ርቀት ዜብራውን ያብሩበት። መብራቱን ዝቅ አድርገው በእጅ ከያዙት የሚመለሰው ብርሃን ወደ ዓይንዎ ስለማይመጣ ጥሩውም መስመር የሞተ ይመስልዎታል። የሚያበራውንና የማያበራውን በጠመኔ ከለዩ በኋላ፣ ዶቃ የረገፈበትን ክፍል ብቻ ጠርገው በቀጭኑ ደግመው ያስቀቡ። መሬቱ ደረቅ፣ ሙቀቱም ከጤዛ ነጥቡ (ጤዛ መፈጠር ከሚጀምርበት ሙቀት) ቢያንስ በ3 ዲግሪ ከፍ ያለ ይሁን።